ስለ መቆለፊያ ዳዶ

ሰው በልማዱ የሚያደንቀው ከሩቅ የሚታየውን ነው። ድልድይ ሲመረቅ ቅስቱን፣ ፋብሪካ ሲከፈት የሕንፃውን ርዝመትና የመኪናውን ብዛት፣ ቤት ሲሠራ ጣራውን ይመለከታል እንጂ፣ ምስማሩን ቈጥሮ ያመሰገነ እንግዳ እስከ ዛሬ አልታየም። ይህም የሚያስወቅስ አይደለም፤ ዐይን የተፈጠረው ለሚታየው ነውና። ነገር ግን ሥራቸው በማይታየው ላይ የሆነ ሰዎች አሉ፤ ከነዚህም አንዱ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው። እኔ በደሴ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህን ሥራ ከያዝሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የሚገባውን ዕቃ በሞዴል 19፣ የሚወጣውን በሞዴል 22 እመዘግባለሁ። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃን ከመጨረስ አላለፈም፤ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀውም ዕቃ ስቀበልና ሳስረክብ ባለሙያዎችን እየጠየቅሁ የለቀምሁት ነው። ዛሬ ለአንባቢ የማቀርበው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይህችም በኤሌክትሪክ ሣጥን ውስጥ የኬብሉን መያዣ የምትቆልፈው ቀጭን ዳዶ ናት።

«ዳዶ» የሚለውን ቃል የማያውቅ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ጋራዥ የገባ፣ ብስክሌት የጠገነ፣ ወፍጮ ቤት የዋለ ሁሉ ሰምቶታል። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ በአገራቸው በጠረጴዛ ላይ የሚወረወረውን ባለስድስት ገጽ የዕድል መጫወቻም በዚሁ ስም ይጠሩታል። በ1928 ዓ.ም. የመጣው ወራሪ በ1933 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ ቡሎንና ዳዶ የተባሉት ቃሎች ግን በጋራዣችን ዜግነት አግኝተው ቀርተዋል። መቆለፊያዋን ዳዶ ጣሊያኖች ኮንትሮዳዶ ይሏታል፤ በተቃራኒ ቆማ የምትይዝ ዳዶ እንደ ማለት ነው። የዛሬ ልጆች ደግሞ ከእንግሊዝኛው ወስደው ሎክ ነት ይሏታል። ስሟ ቢበዛም ሥራዋ አንድ ነው፤ እርሱም ሌላው እንዳይላላ መያዝ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ወፍራም ኬብል ከመሬት ወይም ከግድግዳ ወጥቶ ወደ ሞተር ሣጥን ሲገባ፣ በተበሳው ቆርቆሮ ውስጥ እንዲሁ አይሾልክም። እንዲሁ ቢሾልክ የቆርቆሮው ስለት ልባሱን ይበላዋል፤ አንድ ሰው ሳያስብ ቢጎትተውም ከውስጥ የታሰረው ሽቦ ይነቀላል። ስለዚህ በቀዳዳው ላይ ኬብል ግላንድ የሚባል የናስ ወይም የፕላስቲክ አንገት ይገጠማል። ግላንዱ ሁለት ወገን አለው። በውጭ ያለው ወገን በጎማ ቀለበት ኬብሉን አንቆ ይይዛል፤ ጥርስ የተቀረጸበት ሌላው ወገን ደግሞ በቀዳዳው አልፎ ሣጥኑ ውስጥ ብቅ ይላል። ዳዶዋ የምትገባው በዚህ ጥርስ ላይ ነው። በጠበቀች ጊዜ የግላንዱ ትከሻ ከውጭ፣ እርሷ ከውስጥ ሆነው የሣጥኑን ግድግዳ በመካከል ነክሰው ይይዙታል። የሣጥኑ ግድግዳ ወፍራም ሆኖ ቀዳዳው ራሱ ጥርስ ካለው ያለ ዳዶ ሊሆን ይችላል፤ ቆርቆሮው ስስ፣ ቀዳዳውም ለስላሳ ከሆነ ግን ያለ እርሷ ግላንዱ ተሰክቶ እንጂ ታስሮ አይቆምም።

በመዝገቤ ላይ አዘውትሮ የሚገባው ግላንድ ኤም 20 የሚባለው ነው። የጥርሱ ስፋት 20 ሚሊ ሜትር፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ባለሙያዎቹ እንዳሳዩኝ ዳዶዋ በመጀመሪያ በእጅ እስክትቆም ትዞራለች፤ ከዚያ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል ትጨመራለች። ሩብ ዙር ወደ ፊት የሚያስኬዳት 0.4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በእጅ ብቻ የቀረችው ዳዶና በመፍቻ የጠበቀችው ዳዶ ለሚያያቸው ሰው አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸውን የሚያውቀው መፍቻውን የያዘው እጅ ብቻ ነው።

ይህ ነገር በኛ አገር ለምን ከፍ ያለ ጥንቃቄ እንደሚያሻው ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ያስተውላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣ ጉሙን ትለብሳለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በቦርከና ሸለቆ ትሞቃለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ሆኖም በደሴ ካፖርት ለብሶ የተሳፈረ ሰው የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ሳይጨርስ ያወልቀዋል። ሰው ብቻ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ሣጥንም የአየሩን መለዋወጥ ያውቃል። ቀን ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውጭ እርጥብ አየር ይስባል። ግላንዱ ከላላ እርጥበቱ በዚያ በኩል ገብቶ በመዳቡ ላይ ጠል ይሆናል፤ ከጊዜ በኋላም መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ መሆኗም ሌላው ምክንያት ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተቋቋመ፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የቢራ ፋብሪካ ተተከለ፤ ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ። የብረታ ብረትና የቆዳ ፋብሪካም አላት። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ሞተር አለ፤ ሞተር ባለበት ኬብል አለ፤ ኬብል በገባበት ሁሉ ዳዶ አለች።

ስለዚህች ዳዶ ከሁሉ አብልጠው ያስተማሩኝ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ያገለገሉ አንድ አዛውንት ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ መሥሪያ ቤታችን ለጥገና ሥራ በኮንትራት ያሠራቸው ነበር። ስለ መንቀጥቀጥ ሲያስረዱኝ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ በደቂቃ 1,450 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሰዓት ስንት እንደሚሆን እስቲ አስላው።» አሰላሁት፤ 87,000 ሆነ። «በስምንት ሰዓት ፈረቃስ?» አሉኝ፤ 696,000 ሆነ። «እንግዲህ ያችን ዳዶ በአንድ ፈረቃ ሰባት መቶ ሺህ ጊዜ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በሩን እያንኳኳ ‹ውጪ› የሚላት ሰው አለ ብለህ ቁጠር። በደንብ ያልጠበቀች እንደሆነ አንድ ቀን እሺ ማለቷ አይቀርም» አሉ።

ይህ የአዛውንቱ ንግግር ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ጌርሃርድ ዩንከር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1961 ዓ.ም. ገደማ ባወጣው ጥናት፣ ወደ ጎን የሚወዘውዝ መንቀጥቀጥ ማንም ሳይነካው ዳዶን ራሱን በራሱ እንዲፈታ ሊያደርገው እንደሚችል አሳይቷል። ዳዶ የሚይዘው በተወጠረ ጊዜ በጥርሱና በፊቱ በሚፈጠረው ሰበቃ ነው፤ መንቀጥቀጡ ሰበቃውን ለቅጽበት ባሸነፈው ቁጥር ዳዶው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። በጨርቃ ጨርቅ ቤት ደግሞ ከመንቀጥቀጡ ጋር የጥጥ ብናኝ አለ። ግላንዱ በላላበት በኩል ብናኙ ገብቶ በሽቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይከመራል፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ ያፍናል፤ ብልጭታም ካገኘ ይቀጣጠላል። በሣጥኖች ላይ አይፒ 65 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ትርጉሙ ይኸው ነው፤ 6ቱ አቧራ ፈጽሞ አያስገባም፣ 5ቱ የሚረጭ ውሃ አይጎዳውም ማለት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ በሣጥኑ ላይ ቢታተምም፣ እውነት የሚሆነው ግላንዱ ከነቀለበቱ በዳዶዋ ተጠብቆ ሲታሰር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። በመሬት ውስጥ የሚያልፉ ጠንካራ ኬብሎች ከልባሳቸው በታች በብረት ሽቦ የተጠቀለሉ ናቸው። ይህ የብረት ሽቦ ከናሱ ግላንድ ጋር፣ ግላንዱም በዳዶዋ አማካይነት ከሣጥኑ ጋር ይገናኛል። በሣጥኑ ውስጥ አንድ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በዚህ በኩል ወደ መሬት መንገድ አግኝቶ ብሬከሩን ይጥለዋል፤ ሣጥኑን የነካ ሰውም ይተርፋል። ዳዶዋ ከላላች ወይም በቀለም ላይ ብቻ ከተቀመጠች ግን መንገዱ ይቋረጣል፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና። ለዚህ ነው ከዳዶዋ ሥር ጥርስ ያላት ሮንዴላ የምትገባው፤ ቀለሙን ነክሳ እስከ ብረቱ ትደርሳለች። ይህ ሳይሆን ከቀረ ብሬከሩ ምንም እንዳልሆነ ዝም ይላል፤ ሣጥኑ ግን 220 ቮልት ተሸክሞ የመጀመሪያውን እጅ ይጠብቃል። አዛውንቱ በአንድ የሥራ ቦታ በዚህ ምክንያት የሞተ ወጣት አንሥተው ቀብረዋል። የቦታውን ስም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። «እጁ እርጥብ ነበር፤ ሣጥኑን በጨርቅ ሊወለውል ነበር የነካው» ከማለት በቀር አልጨመሩም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች ደረሰ። ከጥቅምት ወር መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የመንግሥት ጦር ኅዳር 27 ቀን እስከሚመለስ ድረስ ባለው ጊዜ ብዙ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ፤ ተጎዱም። ከዚያ በኋላ በጥገናው ወራት ሣጥን ከፍተን ስናይ ኬብሉ ተቆርጦ ሄዶ፣ የግላንዱ ቀዳዳ እንደ ባዶ የዐይን ጉድጓድ ቀርቶ ያገኘንበት ቦታ ነበር። የጎደለውን ለመሙላት ዕቃ ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ፤ አሮጌው ከአዲሱ፣ የአውሮፓው ከቻይናው ጋር በአንድ ካርቶን ተደባለቀ።

የመደባለቁ ጉዳት ወዲያው አይታይም። የአውሮፓ ፋብሪካዎች እስከ 1992 ዓ.ም. ገደማ ድረስ አብዝተው ይሠሩበት የነበረው የግላንድ ጥርስ ፒጂ የሚባለው የጀርመን ልክ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሜትሪኩ ልክ ተዛውረዋል። ፒጂ 13.5 የሚባለው ስፋቱ 20.4 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.41 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጥርሱ ማዕዘን 80 ዲግሪ ሲሆን የሜትሪኩ 60 ነው። ከኤም 20 ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዐይን አይለያቸውም። የአንዱ ዳዶ በሌላው ግላንድ ላይ ጥቂት ገብታ የያዘች ትመስላለች፤ ነገር ግን የምትነካው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው። አዛውንቱ ይህን በጣታቸው ይለዩት ነበር። ዳዶዋን ያለ መፍቻ ሁለት ሦስት ዙር ያዞሯታል፤ ከሻከረች አውጥተው በሌላ ዕቃ ውስጥ ይጥሏታል። «የማይመሳሰሉትን ያጋባ ሽማግሌ ሲፋቱ አይገኝም» ይሉ ነበር እየሣቁ።

በዚሁ የጥገና ወራት በኮምቦልቻ ዳርቻ ለሚገኝ የውሃ መሳቢያ ቤት አርባ ኬብል ግላንድ ተገዝቶ ወደ ግምጃ ቤቴ መጣ። ካርቶኑን ከፍቼ ስቈጥር ግላንዱ አርባ፣ የጎማው ቀለበት አርባ ሆኖ ተገኘ፤ ዳዶ ግን አንድም አልነበረም። በግዥው ዝርዝር ላይ የተጻፈው «ኬብል ግላንድ ከነዳዶውና ከነሮንዴላው» የሚል ነበር። አቅራቢው ነጋዴ «ይህች እኮ የሳንቲም ዕቃ ናት፤ ከየትም ፈልጋችሁ ግጠሙ» አለኝ። ከመሥሪያ ቤታችን ሰዎችም አንዱ ቀርቦ «ውሃ የሚጠብቅ ሕዝብ አለ፤ ለቀጭን ዳዶ ብለህ ሥራ አታስቁም» ሲል መከረኝ። በሞዴል 19 ላይ «ተሟልቶ ገብቷል» ብዬ እንድፈርም ነበር የሚፈለገው። እኔም «ግላንድ 40፤ ዳዶ የለም፤ ሮንዴላ የለም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። እንዲህ በተጻፈ ቅጽ ደግሞ ክፍያ አይወጣም።

በማግሥቱ ከአዛውንቱ ጋር ወደ መሳቢያው ቤት ወረድን። በቦኖው አጠገብ የጀሪካን ሰልፍ ነበር፤ ከጀሪካኖቹም ብዙዎቹ ባዶ ነበሩ። አንዲት እናት ወደ እኛ ቀርበው ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁ። የጎደለ ዕቃ እስኪመጣ ጥቂት ቀን እንደሚቆይ፣ ዕቃውም ዳዶ እንደሚባል ነገርኋቸው። ትክ ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ዳዶ ምን እንደሆነች አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ጀሪካን ነው። ከሩቅ ተሸክሜ የመጣሁበትን ወገቤን አውቃለሁ» አሉኝ። የምመልሰው ነገር አጣሁ። ያሉት እውነት ነበርና፤ የእኔ ጥንቃቄ የሚያስከፍለው ዋጋ በእርሳቸው ወገብ እንጂ በእኔ ወገብ አልነበረም።

አዛውንቱ ግን የሣጥኑን ግድግዳ በእጃቸው መታ መታ አድርገው እንዲህ አሏቸው፦ «እትዬ፣ ይህን ሣጥን ያዩታል? ልጆች ወረፋ ሲጠብቁ የሚደገፉት እርሱን ነው። እጃቸው እርጥብ ነው፤ እግራቸው ባዶ ነው። አሁን ዳዶ ሳላስገባ ባስነሣው ዛሬ ውሃ ይቀዳሉ። አንድ ቀን ግን ይህ ብረት ልጅ ይይዛል።» ሴትየዋ ሣጥኑን ተመለከቱ፤ ቀጥሎም በሣጥኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ የነበረውን ትንሽ ልጅ በክንዱ ይዘው አስነሡት። «እንግዲያውስ ይቆይ። ብቻ አትርሱን» አሉ። አዛውንቱም «አብሽሩ፣ አንረሳም» አሏቸው።

ዳዶዎቹና ሮንዴላዎቹ በስድስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ መጡ። ቈጥሬ ተቀበልሁ፤ አዛውንቱም አንድ በአንድ በጣታቸው ሞክረው፣ በሣጥኑ ላይ ሮንዴላዋ የምታርፍበትን ቀለም ፍቀው ገጠሟቸው። ሥራው ሲያልቅ የብረት ሽቦው ከሣጥኑ ጋር መገናኘቱን በመለኪያ ፈትሸው ክዳኑን ዘጉ። ሞተሩ ተነሣ፤ ውሃውም ወጣ። ሰልፈኛው እልል አለ፤ እልልታው ለውሃው ነበር፤ እንደዚያም ሊሆን ይገባል። አርባው ዳዶ በክዳኑ ሥር ቀረ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ያስገድዳል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ በራሱ መፍቻ ይዞ ሣጥን አይከፍትም፤ በግዥ ዝርዝር፣ በርክክብ ቅጽና በጥገና መዝገብ አልፎ ወደ ሰው እጅ መድረስ አለበት። በነዚህ ወረቀቶች በአንዱ ላይ ያልተጻፈ ነገር በሣጥኑ ውስጥም አይገኝም። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ በዚህ ሥራ ላይ ላሉ ባልደረቦቼ ሦስት ነገር ለማሳሰብ እደፍራለሁ። አንደኛ፣ በግዥ ዝርዝር ላይ ዳዶዋና ሮንዴላዋ ራሳቸውን ችለው፣ ልካቸውና ብዛታቸው ተገልጾ ይጻፉ፤ «ከነዕቃው» የሚለው ቃል ለሚያጎድል ሰው በር ይከፍታልና። ሁለተኛ፣ የአሮጌው ልክና የአዲሱ ልክ ዕቃ በአንድ ካርቶን አይቀመጥ። ሦስተኛ፣ የሚንቀጠቀጥ መኪና ያለበት ቤት ሁሉ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦና ተቆልፎ ዳዶዎቹ የሚፈተሹበት ቀን በዓመቱ የሥራ ዕቅድ ውስጥ ይግባ፤ ፈታሹም ስሙን ይጻፍ።

የሳንቲም ዕቃ ናት የተባለው እውነት ነው፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው። በዚያ ሳምንት ግን የስድስት ቀን ውሃ አስከፍላለች፤ ከፋዮቹም እኛ አልነበርንም። ይህን የማነሣው ከጥንቃቄው የሚበልጥ ነገር ነበረ ለማለት አይደለም። ዝርዝሩ በተጻፈ ዕለት፣ ዕቃው በተላከ ዕለት አንድ ሰው ቈጥሮ ቢሆን ኖሮ፣ ያች እናት ስድስት ቀን ባልተሸከሙ ነበር። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአባቶች ቃል ለእንጨት ብቻ የተነገረ አይደለም።

ዛሬም በሞዴል 19 ላይ «ተሟልቶ ገብቷል» የሚሉትን ሁለት ቃሎች ከመጻፌ በፊት ካርቶኑን ገልብጬ እቈጥራለሁ። የፊርማዬ ቀለም ከደረቀ በኋላ ሣጥኑ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ውስጡን የሚያይ የለም፤ ልጆች ግን መደገፋቸውን አይተዉም።